የነጭ ሽንኩርት እንክብል ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ይገባልን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከነጭ ሽንኩርት የሚዘጋጁ እንክብሎች እንደ መድኃኒት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይኑራቸው ወይስ እንደ ምግብ እንዲሁ ይሸጡ?

ደረጀ፦ ማስጠንቀቂያውን እቃወማለሁ። ነጭ ሽንኩርት የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት ሲመገበው የኖረ ነው፤ የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ግፊቱን በመጠኑ እንደሚቀንስ ታይቷል። በየማሸጊያው ላይ ማስፈራሪያ ከጻፍን ሰው ከሚጠቅመው ነገር ይሸሻል።

ሰናይት፦ አቶ ደረጀ፣ ስለ ደም ግፊቱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ምግቡንና እንክብሉን አንድ አድርገው መቁጠርዎን ግን አልቀበልም። ባልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የኃይሉ ዋና ምንጭ የሚባለው አሊሲን የለም ማለት ይቻላል። አሊን የተባለው ውሁድና አሊናዝ የተባለው ኢንዛይም ተለያይተው ይቀመጡና፣ ስንወቅጠው ወይም ስንከትፈው ተገናኝተው ያንን አፍንጫ የሚሰነፍጥ አሊሲን ይፈጥራሉ። ኢንዛይሙን እሳትም የጨጓራ አሲድም ያበላሹታል፤ ስለዚህ ሳይከተፍ ድስት ውስጥ የገባውና ተከትፎ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ የበሰለው እኩል አይደሉም። እንክብሎችም እንደ አዘገጃጀታቸው ኃይላቸው ይለያያል፤ ገዢው ግን የሚያየው የሚሊግራሙን ቁጥር ብቻ ነው።

ደረጀ፦ ይህ ይዘቱ በትክክል ይገለጽ የሚያሰኝ ነው እንጂ አደጋ መኖሩን አያሳይም።

ሰናይት፦ አደጋውን በዓይኔ ያየሁት በምሠራበት መድኃኒት ቤት ነው። አንድ አዛውንት ደም ማቅጠኛቸውን ዋርፋሪንን ሊወስዱ መጥተው፣ ጥርሳቸውን በፋቁ ቁጥር ድዳቸው ለምን እንደሚደማ ጠየቁኝ። ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ስጠይቃቸው ከኮታቸው ኪስ የነጭ ሽንኩርት እንክብል አወጡና «ይኼ እኮ መድኃኒት አይደለም፤ ለሐኪሙም አልነገርኩትም» አሉኝ። የነጭ ሽንኩርት ውሁዶች የደም አርጊ ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ስለሚያደርጉ ከዋርፋሪን ወይም ከአስፕሪን ጋር ሲደረቡ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት እንክብሉን እንዲያቆም የሚመከረውም ለዚህ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ሳኩዊናቪርን በደም ውስጥ በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰውም በጥናት ተረጋግጧል።

ሄለን፦ እኔ ከሰናይት ጋር ነኝ፤ ሆኖም በጥቅሙ በኩል የሚነገረውም ይመርመር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትሎ፣ ጥሬውም ሆነ እንክብሉ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ደግሞም ጉዳት የሚመጣው ከእንክብል ብቻ አይደለም። ጥሬውን ወቅጦ ቆዳ ላይ ማሰር፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ እንደ እሳት ያቃጥላል። በዘይት ተዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጭ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርትም ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በቫንኩቨር ብዙ ተመጋቢዎች የታመሙት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ደረጀ፦ ስለ ደም ማቅጠኛውና ስለ ቀዶ ሕክምናው በማሸጊያው ጀርባ አንድ መስመር ቢጻፍ አልቃወምም። በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይሸጥ ከተባለ ግን አልስማማም፤ በወጥ ውስጥ የሚገባውን ያህል የሚበላ ጤነኛ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለምና።

ሰናይት፦ ማዘዣ ያስፈልጋል አላልኩም። ጽሑፉ ግን ከፊት፣ ከስሙ ሥር ይሁን፤ እኚያ አዛውንት ማሸጊያውን ገልብጠው አይተውት አያውቁም ነበር።