በረራ ተሰርዞ ሮም ላይ መቅረት፤ የሸንገን ቪዛው ቀንስ?

የአዳማዋ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። እናትና አባቴ ሮምን ሊጎበኙ ሄደው ዛሬ ዓርብ፣ ሜይ 15 ማታ ነበር የሚመለሱት። ሻንጣቸውን አስረክበው፣ ፓስፖርት ቁጥጥሩንም አልፈው ጌት ላይ እየጠበቁ ሳለ በረራው ተሰረዘ። የደረሳቸው መልእክት "በኦፕሬሽን ምክንያት" ከማለት በቀር ሌላ ነገር የለውም። ሦስት ምርጫ ተሰጥቷቸዋል፦ ነገ በሎንዶን በኩል፣ ሰኞ ሜይ 18 በቀጥታ በረራ፣ ወይም የትኬቱ ገንዘብ ተመላሽ። ቪዛቸው የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፤ "ከሜይ 4 እስከ ሜይ 30" ይላል፤ የገቡትም ሜይ 4 ነው። ስለዚህ ቪዛው ችግር የለበትም ብያለሁ። የትኛውን ይምረጡ? ሆቴሉንስ ማን ይከፍላል? እናቴ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ዊልቸርም ትጠቀማለች።

ካውንተር 7

እህቴ፣ ዋናው ችግር እሱው ቪዛው ነው። "እስከ" የሚለውን ቀን ለጊዜው ተይውና የቆይታ ቀናት ብዛት የተጻፈበትን ሳጥን እዪ። 12 ሳይል አይቀርም። የሸንገን ቪዛ (በአንዱ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚገባበት) ሲሰጥ ጉዞው በጥቂት ቀን ቢገፋ ተብሎ 15 ቀን የማስተንፈሻ ጊዜ ይታከልበታል። ሜይ 15 ላይ 15 ቀን ስትደምሪ ሜይ 30 የሚመጣው ለዚህ ነው። የታከለው ግን ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ እንጂ የመቆያው ቀን አይደለም። የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ስለሚቆጠር፣ ከሜይ 4 ጀምረሽ ብትቆጥሪ 12ኛው ቀን ዛሬ ነው። ከነገ ጀምሮ ያለፈቃድ እንደቆዩ ይቆጠራል፣ ቪዛው ላይ ሜይ 30 ቢጻፍም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሎንዶኑን እንዳይቀበሉ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሎንዶኑ ኤርፖርት ሂትሮው ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የእንግሊዝ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል። የአሜሪካን ወይም የካናዳን ቪዛ የያዘ ሰው ነጻ የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ ከሌላቸው ግን ቼክ ኢን ላይ ይመለሳሉ። ሌላም አለ፦ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ያለው ሰው ከሸንገን ወጥቶ ቀጣዩ በረራ ቢሰረዝበት ወደ ጣሊያን መመለሻ የለውም። የሰኞውን ይያዙ። ወይም ነገ በሌላ የሸንገን ከተማ በኩል፣ በሌላ አየር መንገድም ቢሆን፣ ቦታ ካለ ይጠይቁ። ለምሳሌ በፍራንክፈርት ቢሄዱ የመውጫ ቁጥጥሩ የሚደረገው እዚያው ፍራንክፈርት ነው። ካውንተር ላይ ያለው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የራሱን አየር መንገድ በረራ ብቻ ነው፤ ሳይጠየቅ ሌላውን አያወጣም።

የአዳማዋ

እውነትም 12 ይላል! አሁን ጌቱ አካባቢ ናቸው። ዝም ብለው ወደ ሆቴል ይውጡ?

ካውንተር 7

አይውጡ፣ ቆይ። ፓስፖርት ቁጥጥሩን ስላለፉ መዝገቡ ላይ "ወጥተዋል" ተብሏል። የአንድ ጊዜ መግቢያውም አልቋል ማለት ነው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ወደ ድንበር ፖሊሱ ይዟቸው ይሂድ፤ የተመዘገበው መውጫም ይሰረዝላቸው። በ2025 ኦክቶበር በተጀመረው አዲሱ የመግቢያና መውጫ ሥርዓት ቀኑን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ፖሊሱ በቃል "ችግር የለም" ቢላቸው አይበቃም፣ ተስተካክሎ መመዝገቡን ይጠይቁ። እዚያው ቆመው በረራው መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ከአየር መንገዱ ይቀበሉ። ስም፣ የበረራ ቁጥር፣ ቀንና ምክንያት ይኑርበት። በስልክ የመጣውን መልእክትም ስክሪንሾት ያንሱት።

ቪያ ካቩር

ቪዛ ማራዘሙን ልጨምርበት። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው ቪዛው ያለክፍያ እንዲራዘምለት የሸንገን የቪዛ ሕግ ይፈቅዳል። በግል ጉዳይ ሲሆን ነው 30 ዩሮ የሚከፈለው። የሚያራዝመው ቪዛውን የሰጠው ኤምባሲ ሳይሆን አሁን ያሉበት አገር ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ኩዌስቱራ የሚባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት የኢሚግሬሽን ክፍል። ሮም ላይ ቢሮው ቪያ ቴዎፊሎ ፓቲኒ ነው። የሚያስፈልገው ፓስፖርት፣ የስረዛው ወረቀት፣ አዲሱ ትኬት፣ እና እስከ መውጫው ቀን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንሱ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው ፖሊሲ ዛሬ የሚያበቃ ከሆነ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ደውላችሁ አስቀጥሉት። ካበቃ በኋላ ማስቀጠል እንደ አዲስ መግዛት ነው።

እንግዲህ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ደግሞ በረራ አለ። ቢሮው ሲከፈት እነሱ ኤርፖርት መሆናቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለድንበር ፖሊሱ የሚያመለክቱት ነገር የእነሱ መከላከያ ነው። ሰኞ ሲወጡ የስረዛውን ወረቀት፣ የሁለቱንም ቀን ትኬትና የሆቴል ደረሰኙን ባንድ ላይ ይዘው ይቅረቡ። ባልታሰበ ከባድ ምክንያት መዘግየቱን ያስረዳ ሰው ቀን አሳልፈዋል ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ እንዲወጣ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ወረቀቶቹን ከተመለሱም በኋላ አትጣሉ፤ ለሚቀጥለው የቪዛ ማመልከቻ ይፈለጋሉ። በ2024 ኤፕሪል የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን የቪዛ አሰጣጥ ላይ ካጠበቀው ወዲህ በረባ ባልረባው ነው ጥያቄ የሚነሣው።

አቦል

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣ በረራ ሁሉ፣ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን፣ በኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261/2004 ይገዛል። ሆቴል፣ ከኤርፖርት ሆቴል ማመላለሻ፣ ምግብ፣ ሁለት የስልክ ጥሪ፤ ይህ ሁሉ እስከ ሰኞ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ምክንያቱ የአየር ጠባይ ነው ወይም አድማ ነው ቢሉም ከዚህ አያመልጡም። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ ሰማዩን በዘጋ ጊዜ ለተነሣ ክርክር የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2013 እንዲህ ብሎ ወስኗል። ሆቴል አልሰጥም ካሉ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይዛችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ በኋላ ይጠየቃል። አውሮፓ ያለ ዘመድ በካርዱ ቢከፍልላቸው ይቀላል፤ ደረሰኙ ግን በእነሱ ስም ይሁን።

ገንዘቡ ይመለስልን እንዳይሉ ብቻ። ተመላሽ የመረጠ ሰው ሆቴሉም ምግቡም ያኔውኑ ያበቃል፣ አዲስ ትኬትም በዕለቱ ዋጋ መግዛት ይሆናል። ቫውቸርም (በገንዘብ ፈንታ የሚሰጥ ኩፖን) ቢሰጧቸው ሳይስማሙ እንዳይፈርሙ።

ካሳው ሌላ ነው። ሮም አዲስ አበባ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ በሰው 600 ዩሮ ነው፤ ግን ምክንያቱ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጪ ከሆነ አይከፈልም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከቁጥጥር ውጪ ይባላል፤ የራሱ የአየር መንገዱ ሠራተኞች አድማ ግን አይባልም። "በኦፕሬሽን ምክንያት" የሚለው ቃል ደግሞ ሁለቱንም ይሸፍናል፤ ለዚህ ነው ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ የምንለው። አቤቱታው መጀመሪያ ለአየር መንገዱ ነው፤ በስድስት ሳምንት መልስ ካልመጣ ለጣሊያን ሲቪል አቪዬሽን፣ ኤናክ ለሚባለው።

ካውንተር 7

ስለ እናትሽ ሁለት ነገር። ትኬቱ ሲቀየር የዊልቸር ጥያቄው አብሮ ላይተላለፍ ይችላል። አዲሱ ቦታ ማስያዣ ላይ እንዲጻፍ አሁን ይጠይቁ፤ እርዳታው ከበረራው 48 ሰዓት በፊት መነገር አለበት፣ ሰኞ ደግሞ ቅርብ ነው። የአካል ድጋፍ የሚያስፈልገው መንገደኛና አብሮት ያለው ሰው ምግብም ሆቴልም ቅድሚያ እንደሚሰጣቸው ደንቡ ላይ አለ፤ ወረፋ ላይ አባትሽ ይህን ይጥቀሱ። መድኃኒቱ በሻንጣ ውስጥ ከገባ ሻንጣው እንዲወጣ ያስደርጉ፤ ካልጠየቁ እስከ ሰኞ እዚያው መጋዘን ሊያድር ይችላል። ኢንሱሊን ከሆነማ ጭራሽ እዚያ መቆየት የለበትም። ፋርማሲ መሄድ ካለባቸው የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠኑን፣ ለምሳሌ "ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም" ብለሽ ጽፈሽ ላኪላቸው።