በጤና ምክንያት ሥራ ለመልቀቅ፦ መልቀቂያ ይጻፍ ወይስ የሕክምና ቦርድ ይቅረብ?

ዳሞት (ቡሬ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የታላቅ ወንድሜ ነው። ቡሬ አንድ የግል ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ጫኝና አውራጅ ነው፤ 8 ዓመት ሞልቶታል። ከዚያ በፊት 3 ዓመት በወረዳ ጽሕፈት ቤት በቋሚነት ሠርቷል። ደመወዙ 6,000 ብር፣ ጡረታም ይቆረጥበታል። የወገብ ዲስክ ነው ተብሎ የሕመም ፈቃድ ከወጣ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። አሁን ደግሞ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርምና ሒሳብህን ውሰድ» ተባለ። ይፈርም? ቢፈርም ምን ይቀርበታል? ለሥራ አጥ የሚከፈል ነገርስ አለ?

ጮቄ፦
አይፈርም፤ ቢያንስ አሁን አይፈርም። አገራችን ውስጥ ሥራ ለለቀቀ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥ አበል የለም። ያለው የሕመም ፈቃድ ደመወዝ፣ የስንብት ክፍያና ጡረታ ነው። ሁለቱ ከአሠሪው፣ ሦስተኛው ከጡረታ ፈንድ ይወጣሉ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሕመሙ ከሥራ የመጣ ባይሆንም፣ ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ በአንዴም ይውሰደው በየጊዜው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ወንድምህ አሁን ያለው 3,000 ብር በሚከፈልበት ወር ላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አራተኛው ወር ላይ ሲደርስ ነው፤ «ደመወዝ ከሌለ ምን አስቀመጠኝ» ብሎ ይፈርማል። ክፍያው ቢቆምም ውሉ አልተቋረጠም፤ የሕክምና ቦርድ (መሥራት መቻል አለመቻሉን የሚወስኑ ሐኪሞች) ፊት የሚቀርበውም በዚያ ጊዜ ነው።

የሐኪም ወረቀቱን ቀን አደራ። ያንደኛው ፈቃድ የሚያበቃበትና የሚቀጥለው የሚጀምርበት ቀን መያያዝ አለበት፤ በመሃል ሦስት ቀን ክፍት ከሆነ «ከሥራ ቀርቷል» ተብሎ ይመዘገብበታል። ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ ይዞ ይሂድ። አንዱን መዝገብ ቤት ይስጥ፤ በራሱ ኮፒ ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ማኅተም ይደረግለት። በሰው እጅ «አድርስልኝ» ብሎ የሚላክ ወረቀት ኋላ ክርክር ሲመጣ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

የሰው ሀብት፦
ጮቄ ያለው ልክ ነው። ስለ ስንብት ክፍያው ግን ልጨምር፤ ወንድምህ ቢፈርም የሚያጣው ይህን አይደለም። በአንቀጽ 39 መሠረት 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም ስንብት ያገኛል፤ በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይሰላል። ለእሱ 6,000 ሲደመር 7 ጊዜ 2,000፣ ማለትም 20,000 ብር። ስንብት የሚቆጠረው እዚያው ፋብሪካ በሠራው ብቻ ነው፤ የወረዳው 3 ዓመት አይገባም።

5 ዓመት ያልሞላው ሰው ግን ይህን ልብ ይበል። በፈቃዱ ከለቀቀ ስንብት የለውም፤ በከፊልም ሆነ በሙሉ መሥራት አለመቻሉን የሕክምና ቦርድ አረጋግጦ ውሉ ከተቋረጠ ግን 5 ዓመት አይጠየቅም። አንዳንድ ድርጅት «ጡረታ ስለምንከፍል ስንብት የለም» ይላል። አዋጁ ጡረታንና ስንብትን የሚያያይዘው ዕድሜው ደርሶ ለሚሰናበት ሠራተኛ ነው።

መልቀቂያ መጻፍ የሚያስቀርበት ሌላው ማስጠንቀቂያ ነው። አሠሪው ራሱ በጤና ምክንያት ቢያሰናብተው፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 2 ወር አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት። በፈቃዱ ከለቀቀ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጪው እሱ ይሆናል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብለታል፤ ሒሳቡ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል።

መዝገብ ቤት፦
ዋናው ነገር ጡረታው ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን የጤና ሁኔታ ባለማሟላት የተሰናበተ ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ዕድሜ ልኩን ያገኛል፤ 60 ዓመት እስኪሞላው አይጠብቅም። 10 ዓመት ካልሞላው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ግን የጡረታ ዕድሜውን መጠበቅ አለበት። ለጡረታ የመንግሥትና የግል አገልግሎት ስለሚደመር ወንድምህ 11 ዓመት አለው። ስሌቱ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ተጨምሮ ነው። አማካዩ 5,600 ብር ቢሆን በ31.25 በመቶ 1,750 ብር በየወሩ ይመጣል።

መንገዱ እንዲህ ነው። የሚያክመው ሐኪም ዘላቂ ችግር መሆኑን ይጻፍለት፤ ድርጅቱ ቦርድ እንዲቀርብ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጻፍ። ቦርድ በየጤና ጣቢያው አይቀመጥም፤ ከቡሬ ከሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ኤምአርአይውን ከነንባቡ፣ የቀድሞ ካርዶቹንም ይዞ ይቅረብ። ቦርዱ «ቀላል ሥራ ይመደብ» ካለ ያ የሥራ ቦታ መቀየሪያ እንጂ ጡረታ አይደለም። በዘላቂነት መሥራት አይችልም የሚለው ነው ጡረታ የሚያስገኘው።

ከውሳኔው በኋላ የስንብት ደብዳቤው ላይ ያለች አንዲት መስመር ትወስናለች፦ «በሕክምና ቦርድ ውሳኔ መሠረት በጤና ምክንያት» መባል አለበት። «በራሱ ጥያቄ» ከተባለ ወይም ቀኑ ከቦርዱ ውሳኔ ከቀደመ ፋይሉ ይመለሳል። የሚያጓትቱትም የታወቁ ናቸው፦ በወረዳው ቅጥር ደብዳቤና በፋብሪካው ሰነድ ላይ የአያት ስም መለያየት፣ የትውልድ ዘመን ልዩነት፣ ገቢ ያልተደረገ መዋጮ። የእሱ 7 በመቶ 420 ብር፣ የድርጅቱ 11 በመቶ 660 ብር፣ በየወሩ 1,080 ብር መግባቱን ከመልቀቁ በፊት ያጣራ። የወረዳውን የአገልግሎት ማስረጃም ከአሁኑ ያውጣ፤ የቆየ ፋይል መፈለግ ሳምንታት ይፈጃል።

ዳሞት (ቡሬ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወገቡን ያመመው ጆንያ ሲያነሳ ነው። ይህ ለውጥ አለው?

መዝገብ ቤት፦
ትልቅ ለውጥ አለው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ክፍያው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በሙሉ፣ ቀጣዮቹ 3 በ75 በመቶ፣ የቀሩት 6 በ50 በመቶ። የመሥራት ችሎታው ከ10 በመቶ ባላነሰ ቀንሶ በዚያ ምክንያት ከተሰናበተ የጉዳት ጡረታው የደመወዙ 47 በመቶ ነው፤ ለ6,000 ብር 2,820። እዚህ 10 ዓመት አይጠየቅም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ዲስክ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ «ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው» ይባላል። ያን ቀን አብረውት የነበሩ ሠራተኞች፣ የፈረቃ መዝገቡ፣ በመጀመሪያው የሕክምና ካርድ ላይ «ከባድ ዕቃ ሲያነሳ» ተብሎ መጻፉ ይፈለጋል። ካርዱ ላይ ካለ ኮፒውን ዛሬውኑ ያውጣ።

ጮቄ፦
ካልተግባቡ ለወረዳ ፍርድ ቤት ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ግን ውሉ ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይታገዳል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ከሆነ 3 ወር ብቻ ነው ያለው። ሽማግሌ ገብቶ እየተነጋገረ ቢሆንም ቀኑን ይቁጠር። ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ሲከፈት ቀበሌው ይመዝገብ፤ የወገቡ ሕክምና ገና ይቀጥላል።