ጥቁር ጋቢን ልመልሰው ነው፤ ግን ወደ የትኛው ፒያሳ?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በ1992 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ «ጥቁር ጋቢ» የሚል ኮሚክ እሠራ ነበር። በእስክሪብቶ ሥዬ፣ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ፣ በመርፌና ክር ጠርዤ ለክፍሌ ልጆች በአንድ ብር እሸጠው ነበር። አራት ክፍል ወጣ። ባለታሪኩ የሌሊት ዘበኛ ነው። ወንድሙን ማጅራት መቺዎች ገደሉበት፤ እናቱ ለሐዘኑ ጋቢዋን ጥቁር ነከረችው። እሷም ስታርፍ ያንን ጋቢ ተከናንቦ ሌሊት ሌሊት ይወጣል። ዱላና ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ብቻ ነው የሚይዘው። ታሪኩ የሚጀምረው እሪ በከንቱ ነው። ስሙን አስቡት፤ እሪ ቢሉ ሰው የማይደርስበት ሰፈር። እኔ የሚደርስ ሰው ፈጠርኩለት። ያኔ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልመጣልኝም።

በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ዕቃ ስናወጣ አራቱንም ከአልጋ ሥር ሳጥን ውስጥ አገኘኋቸው። ክፍል 2ን አይጥ ነክቶታል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ቀለሙን ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋር እንደ አዲስ ልንጀምረው ነው። ባለ 24 ገጽ ነው፤ ስክሪፕቱ እስከ ገጽ 9 አልቋል።

የተጣላነው በዘመኑ ነው። እሱ «ዛሬ ላይ አምጣው» ይላል፤ እኔ የ1992ቱን ፒያሳ ነው የምፈልገው። ያኔ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ስትወጣ መብራት ከጠፋ እጅህን አታየውም። ባለፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እዚያው ሄጄ ቆምኩ፤ መሬት የወደቀ ሳንቲም ይታያል። በዚህ ብርሃን ጥቁር ጋቢ የት ይቆማል? እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ዘመን ታስነሡታላችሁ?

አሮጌ መጽሔት

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ከአንተ በፊት አሜሪካኖቹንም አስጨንቋል። «ሻዶው» የሚሉት፣ በጨለማ ወንጀለኛ የሚያሳድድ ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1930 ሬዲዮ ላይ የወንጀል ታሪክ የሚተርክ ድምፅ ብቻ ነበር። አድማጩ መጽሔት ሻጭ ዘንድ እየሄደ የሻዶውን መጽሔት ሲጠይቅ አሳታሚው በ1931 በስሙ አወጣለት። ከ325ቱ ልብ ወለዶች 282ቱን የጻፈው ዋልተር ጊብሰን ነው። በ1939 የወጣው የባትማን የመጀመሪያ ታሪክ እንኳ የተቀዳው ከአንድ የሻዶው ታሪክ ነው።

ኮሚክ ላይ ደጋግመው አስነሥተውታል። በ1973 ደራሲው ዴኒ ኦኒልና ሠዓሊው ማይክ ካሉታ እዚያው 1930ዎቹ ውስጥ ተዉት። ካሉታ የሣለው ጥቂት ክፍል ነው፤ ያን ጭጋግና ያን ኮት ግን ያየ አይረሳውም። በ1986 ሃዋርድ ቼኪን ወደ ራሱ ዘመን አመጣው፤ የድሮ አንባቢዎች ተቆጡ። በ2012 ጋርዝ ኤኒስ መልሶ ወደ 1930ዎቹ ወሰደው። እኔ የቼኪንንም እወደዋለሁ። በሁሉም ውስጥ ያልተነካው ሳቁ ነው፤ ሰውዬው ከመታየቱ በፊት ከጨለማው የሚሰማው ሳቅ። ያንተ ሰውዬስ ከመድረሱ በፊት ምኑ ነው የሚሰማው?

የእሪ በከንቱ ሰው

ልጄ፣ እኔ እሪ በከንቱ ተወልጄ ነው ያደግሁት። ይህን ያሳየችኝ የልጅ ልጄ ናት። ዘመን ልመርጥልህ አልችልም፤ አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሌባውን ይዞ ምን ያደርገዋል? ይመታዋል? ማን ፈርዶበት?

አባቴ ስለ ሌባ ሻይ ሲያወራ እሰማ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ተደናብሮ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚያ ተዋርዷል! በጨለማ ብቻውን የሚፈርድ ሰው ከዚያ በምን ይለያል? ግን ሌላም ነበረን። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ይቆማል፤ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ጋቢ ለብሷል ካልክ የጋቢውን ጫፍ ከሌባው ልብስ ጋር ቋጥሮ እስኪነጋ አብሮት ይቀመጥ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክፍል 3 ላይ ሌባውን ከድልድዩ ወርውሮታል። ያኔ እናቴ ቡና እያፈላች አነበበችው፤ ስትጨርስ መለሰችልኝና «ይሄ ልጅስ እናት የለውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ክፍል 4 ያኔ ተሥሎ አልቆ ስለነበር አወጣሁት፤ ክፍል 5ን ግን አልሠራሁትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሮጌ መጽሔት፣ ቀድሞ የሚሰማው ዱላው ድንጋይ ሲነካ ነበር። አሁን ይጨመርበታል፤ ፓነሉ፣ ማለት አንዱ የሥዕል ሣጥን፣ ሙሉ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ፣ «በሕግ አምላክ!»፣ በአንድ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ።

ቀለም በጥባጭ

ስለ ብርሃኑ እኔ ልናገር፤ ማታ ማታ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው የምሥለው። መብራት ሲበዛ ጥላ ይበዛል እንጂ አይጠፋም። በሁለት ምሰሶ መሐል የቆመ ሰው ሁለት ጥላ አለው፤ መኪና ሲያልፍ ሦስተኛው ግድግዳው ላይ ይዞራል። ጥቁር ጋቢን በሦስት ጥላ ሣለው፤ ሌባው ከየትኛው እንደሚሸሽ አያውቅም። ጥቁሩን ደግሞ እባካችሁ በኮምፒውተር አትሙሉት። የድሮው ፎቶ ኮፒ ጥቁሩ መሐል ላይ እየሳሳ የሚነጣው ነገር ነፍስ አለው፤ በብሩሽ ታገኙታላችሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እሪ የሚለው ጎረቤት አሁን የት ነው ያለው? ሰፈሩ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ጥቁር ጋቢ የማንን ድምፅ ነው የሚሰማው?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ይህን ጥያቄ ይዤ ሁለት ቀን ከረምኩ። እኛ የደረሰን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትናንት ሌሊት ከታች ሴት ስትጮህ ሰማሁና መስኮት ከፈትኩ። ሌሎች መስኮቶችም ተከፈቱ፤ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ግን አልነበረም። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን በድምጿ ብቻ የማን ልጅ እንደሆነች እንለይ ነበር። በስልኬ እያበራሁ ወረድኩ። ቦርሳዋን ነጥቀዋት ነው፤ እሷ ደህና ናት፣ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት።

ከጓደኛዬ ጋር ታርቀናል፤ ታሪኩ ዛሬ ነው። ጥቁር ጋቢ ስድሳ አልፎታል። ቀን ፒያሳ፣ ድሮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሚሠራ ሕንፃ ይጠብቃል፤ ማታ ማንንም የማያውቅበት ኮንዶሚኒየም ይገባል። ገጽ 1ን እንደገና ጻፍኩት። ደረጃው ጨለማ ነው፣ ከታች «እሪ!» ይሰማል፣ ከላይ የዱላ ድምፅ ይወርዳል። ጉልበቱን ስለሚያመው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ፓነል ሰጥቼዋለሁ።