«ጥፋቱ የሹፌሩ ነው»፦ ኤሌክትሪክ መኪናና ብርድ

የሰሚት ልጅ፦ ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንዱ «ኤሌክትሪክ መኪና ብርድ ሲመታው አይነሳም፣ ቺካጎን አላያችሁም?» እያለ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ሲያብጠለጥል ሰማሁ። ኧረ ቺካጎና ሰሚት ምን አገናኛቸው? ብርዱን የምታውቁት እስቲ ንገሩልኝ።

የቺካጎ ሹፌር፦ ስለ ቺካጎ እንኳ ሰውዬው አልዋሸም። ጃንዋሪ 2024 እዚሁ ኡበር እየሠራሁ ነበር። ቴስላ ቻርጀሮቹ ጋ ሰልፉ አያልቅም። ተራውን ሲጠብቅ ሂተሩ ባትሪውን ጨርሶበት በጎታች የተወሰደ አለ። ደርሶህ ስትሰካውም ፐርሰንቱ ንቅንቅ አይልም።

ኦስሎዋ፦ አሁንም ያቺው ቺካጎ! ኖርዌይ በ2024 ከተሸጠው አዲስ መኪና 89 በመቶ ገደማው ኤሌክትሪክ ነው። እኛ ጋ በረዶ የለም? የቀዘቀዘ ባትሪ በኃይል ከተሞላ ሊቲየሙ አኖዱ (የባትሪው አሉታዊ ጫፍ) ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ ይጋገርና ባትሪውን ይጎዳዋል። መኪናው ያንን ፈርቶ ነው ሆን ብሎ ቀስ የሚለው። ናቪጌሽኑ ላይ ቻርጀሩን መድረሻ አድርገህ ብትነሳ ባትሪውን መንገድ ላይ ያሞቅልሃል። ሳያሞቁ ሄዶ መሰለፍ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው።

የቺካጎ ሹፌር፦ «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው»! እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪ ለማሞቅ እኮ ባትሪ ያስፈልጋል። ሲሠራ ውሎ 8 ፐርሰንት የቀረው ሰው በምኑ ያሙቀው? አንቺ ማታ ግቢሽ ውስጥ ሰክተሽ ትተኛለሽ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ መኪናዬ መንገድ ዳር ነው የሚያድረው። በመስኮት ገመድ ልጣል?

ኤድመንተን፦ ጎበዝ፣ እዚህ ካናዳ ከዜሮ በታች 30 ሲገባ የቤንዚን መኪናም ሶኬት ላይ ነው የሚያድረው። የሞተር ማሞቂያው ገመድ ከፊት ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። መሰካት ረስቶ ጠዋት ሥራ የቀረ ሞልቷል፣ ቶዮታን ሲሰድብ ግን አልሰማሁም።

የቺካጎ ሹፌር፦ ቶዮታውን ጎረቤት ጃምፕ ያደርግልሃል። ቴስላዬን ማን ጃምፕ ያድርግልኝ?

ጎማው፦ ኖርዌይ ኖርዌይ አትበሉን። ነዳጇን ለዓለም ሸጣ በዚያ ብር ነው ለኤሌክትሪክ ቀረጥ ያነሳችው። ደግሞ ኦስሎም ብርድ ሆነና! ሰሜን ጫፍ ካውቶኬይኖ ሂጂና ከዚያ አውሪን።

ኦስሎዋ፦ ካውቶኬይኖም በኤሌክትሪክ ይነዳል፣ ጎማው። ዊንተር ላይ ርቀቱ አይቀንስም አላልኩም፣ ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጉልበቱን በሙቀት ስለሚያባክን ሂተሩ በነፃ ነው። የኛው ከባትሪው ይወስዳል። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ አየር የሚስብ ማሞቂያ) ያለው ግን በጣም ይሻላል። ሲገዙ መጠየቅ ነው።

የቺካጎ ሹፌር፦ አሁን ደግሞ የገዢው ጥፋት ሆነ።

ደብረ ብርሃን፦ የሰሚቱ፣ ውርጭ ካማረህ እኛ ጋ ና። ኅዳርና ታኅሣሥ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የቻይናው ቢዋይዲ መኪና ላይ ያለው ዓይነት የብረት ፎስፌት ባትሪ ደግሞ ብርድ ላይ ከሌላው ይብሳል።

የሰሚት ልጅ፦ ይብሳል ማለት ይሞታል ማለት ነው? ፀሐይ ስትወጣ ውርጩ የለም፣ ቺካጎ ግን ቀኑን ሙሉ በረዶ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማታ ሰክቼ ስተኛ መብራት መጥፋቱ ነው።

ጎማው፦ መጣልህ! ታዲያ መብራት በሌለበት ምን ያስከለክላል? ሬዲዮው ልክ ነው።

የሰሚት ልጅ፦ ሬዲዮው ያለው ብርድ ነው፣ መብራት አላለም። አትቀላቅል።

ኦስሎዋ፦ እኛ ጋ መንገድ ዳር ለሚያድሩትም ቻርጀር ተተክሏል። ከንቲባችሁን ጠይቁ።

የቺካጎ ሹፌር፦ እሺ፣ ከንቲባው እስኪተክልልኝ የቤት ኪራዩን ላንቺ ልላክልሽ? ካልከፈልሽም ጥፋቱ የሹፌሩ ነው።