የመጀመሪያ ማራቶኔ፦ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች! በኦክቶበር መጨረሻ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ላይ የማሪን ኮርፕስ ማራቶንን ልሮጥ ነው። ግማሽ ማራቶን ሮጫለሁ፤ 42.195 ኪሎ ሜትር ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሮጠ ካለ ይንገረኝ።

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ! የእኔም የመጀመሪያ እዚያው ነበር። ፈተናው የ14ኛው ጎዳና ድልድይ ነው፤ 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ትደርስበታለህ። ጥላ የለውም። የሚያጨበጭብልህ ሰውም እምብዛም ነው። እግሬ እንጨት ሆነብኝ። ከድልድዩ ወርጄ ክሪስታል ሲቲ የሚባለው ሰፈር ስገባ ግን አንዲት እናት «በርታ የኔ ልጅ!» አሉኝ፣ በአማርኛ! እግዜር ይስጣቸው፣ እንባዬ መጣ። ለመጨረሻዋ ዳገት አቅም ቆጥብ፤ መጨረሻው መስመር ያለበት የማሪን ኮርፕስ ሐውልት ጋ የምትደርሰው ሽቅብ ሮጠህ ነው።

ሌላ መልስ፦ በልምምድ ያልሞከርከውን ጄል (እየሮጡ የሚወሰድ ኃይል ሰጪ ምግብ) በዕለቱ እንዳትወስድ። አዲስ ጫማም ይቅርብህ። እኔ ጠዋት በሶ በጥብጬ ነው የወጣሁት።

ጠያቂው፦ በሶውን ሩጫው ሊጀመር ስንት ሰዓት ሲቀረው ልጠጣ?

መልስ፦ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ቀጠን አድርገህ።