ልጄ ጉድፍ ወጣበት፤ የሰባት ወሯን ልለያት ወይስ አብረው ይገላገሉት?

የባቢ እናት

ሰላም እናቶች፤ አባቶችም ካላችሁ። እንቅልፍ ስላጣሁ ጽሑፌ ቢዘባረቅ ይቅርታ።

ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ኬጂ አንድ። ማክሰኞ ማታ ገላውን ሳጥበው ሆዱ ላይ ቀያይ ነጥቦች አየሁ። ቁንጫ ይሆናል ብዬ አንሶላ ቀየርኩ። ሲነጋ ደረቱና ጀርባው ላይ ያሉት ውሃ ቋጥረዋል። ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ውስጥ፣ አፉ ውስጥ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መሽኛው ላይ ሳይቀር ወጣበት። ትኩሳቱ 38.4። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ካናቴራውን ገልጦ ገና ሲያየው «ጉድፍ ነው፣ ቺክንፖክስ የሚባለው» አለኝ። የፓራሲታሞል ሽሮፕና ለማሳከኩ የሚቀባ ካላሚን ጻፈልኝ፣ ኬጂ እንዳልልከው ነገረኝ፣ ቀጣዩን ጠራ።

ጣጣው የጀመረው ቤት ስንገባ ነው። ቤታችን ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አማቴ ኩፍኝ ነው ብለው መጋረጃውን ዘጉ፣ ልጁን በጋቢ ጠቀለሉት፣ ውሃ እንዳይነካው ብለው ፈረዱ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። የባሌ እህት ደግሞ ስልክ ደውላ «ሕፃኗን አብረሽ አስተኚያት፣ አንዴ ይውጣላቸውና ተገላገዪ፤ እኛ አምስታችንም እንደዚያ ነው ያለፍነው» ትላለች። ሕፃኗ ሰባት ወሯ ነው፣ ጡት ትጠባለች። ወንድሟ እስከ ትናንት ጉንጯን እየሳመ ነው የዋለው።

ሌላው ደግሞ ታናሽ እህቴ አለች። እኛው ብሎክ ላይ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ነው የምትኖረው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ። እሑድ ቡና ስንጠጣ ባቢ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ያኔ ምንም አልነበረበትም። እናቴን ስጠይቃት «እሷም በልጅነቷ ወጥቶባታል» ትላለች፤ ግን እናቴ ሽፍታን ሁሉ ኩፍኝ ስለምትል ምስክርነቷ አያሳርፈኝም።

እና ምን ላድርግ? ልለያቸው ወይስ ይጨርሱት? ክትባት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ የልጆቼ የክትባት ካርድ ላይ ግን የለም። ማሳከኩንም እንዴት እንዳሳለፋችሁት ንገሩኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ እጁን ይዤ ነው የማድረው።

የሦስት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ሆን ብዬ ነው አንድ አልጋ ላይ ያስተኛኋቸው። ትልቁ ኬጂ ሦስት ነበር፣ ትንሿ ሁለት ዓመት። ከሥራ ሦስት ጊዜ ከማስፈቅድ አንድ ጊዜ ይለቅልኝ ብዬ ነው፣ አሁንም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ኋላ የያዛቸው ከመጀመሪያው በጣም ብሶባቸዋል፤ ትልቁ ላይ ይቆጠር የነበረው ትንሿ ላይ የሚቆጠር አልነበረም። ግንባሯ ላይ ሁለት ጠባሳ ቀርቷል። የሰባት ወር ሕፃን ላይ ግን እኔም አልደፍርም፤ እሱን ለባለሙያ ልተውልሽ።

ሲስተር ከጎተራ

የባቢ እናት፣ አይዞሽ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፣ እኔም እናት ነኝ። ሁሉንም በየተራ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ግን እህትሽ።

ጉድፍ ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። ስለዚህ እሑድ ልጁ ንጹሕ ቢመስልም እህትሽ ተጋልጣለች ብለሽ ያዢ። ዛሬውኑ ለእርግዝና ክትትል ሐኪሟ ትደውል። በልጅነቷ ይዟት ከነበረ ደሟ ውስጥ መከላከያው (አንቲቦዲ) ይኖራል፣ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ አላስታውስም የሚሉትም ሲመረመሩ ይገኝባቸዋል። ከሌላት ግን ጊዜ አለው፦ ኢሚኖግሎቡሊን የሚባለው መርፌ በሚገኝበት ቦታ ከተጋለጡ እስከ 10 ቀን ድረስ ይሰጣል፣ ካልሆነም ሐኪሟ አሲክሎቪር የሚባለውን የቫይረስ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል። እርግዝናው 20 ሳምንት ሳይሞላ እናት ብትያዝ ፅንሱ ላይ ጉዳት የሚደርሰው ከመቶ እስከ ሁለት ነው፣ ትንሽ ነው። እናትየዋን ራሷን የሳምባ ምች እንዳይዛት ነው ይበልጥ የምንፈራው። ክትባቱ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ወደ ክሊኒኩ ስትሄድ አስቀድማ ትንገራቸው፤ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች መሃል ገብታ ወረፋ እንዳትጠብቅ።

ሕፃኗን በተመለከተ፣ «ልለያት ወይ» የሚለው ትንሽ አምልጦሻል። አንድ ቤት ውስጥ ካሉና ይዟቸው ከማያውቅ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ይይዛል፣ እሷ ደግሞ ስትሳም ሰንብታለች። ያ ማለት ግን አብረሽ አስተኚያት ማለት አይደለም። ከዓመት በታች ያሉት ከትልልቆቹ ይልቅ ሊጠናባቸው ይችላል፤ ቤት ውስጥ ተጠግቶ የያዘውም ሰው፣ ከላይ እንደተባለው፣ ብዙ ጊዜ ይብስበታል። አንቺ በልጅነትሽ ይዞሽ ከሆነ ከማኅፀን ያገኘችው መከላከያ ትንሽ ይረዳት ይሆናል፣ በሰባት ወር ግን ብዙው አልቋል። አልጋቸውን ለዪ፣ ፎጣቸውን ለዪ፣ ጡትሽን አታቋርጪ። ከተጋለጠች ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጠብቂ።

ለአማትሽ፦ ኩፍኝ ሲሆን ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይቀድማል፣ ሽፍታው ከፊት ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃም አይቋጥርም። ጉድፍ ከደረትና ከሆድ ይጀምርና ቀዩም፣ ውሃ የቋጠረውም፣ የደረቀውም በአንድ ጊዜ አንድ ገላ ላይ ይታያል። በ9 እና በ15 ወር የተከተበው የኩፍኝ ክትባት ለጉድፍ አያገለግልም። የጉድፍ ክትባት ደግሞ እዚህ አገር በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም፣ ካርድሽ ላይ ያጣሽው ለዚያ ነው።

ገላውን እጠቢው። ለብ ባለ ውሃ፣ ሳታሺው፣ በፎጣ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው። ጋቢውን አውልቂለት፤ ሲሞቀው ነው የሚበላው። ጥፍሩን ቁረጪ። ዳማከሴውን የፈረጠ ቁስል ላይ አታሺበት። ፓራሲታሞል በኪሎው ነው የሚለካው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። 16 ኪሎ ከሆነ ከ160 እስከ 240 ሚሊግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳታነቢ በማንኪያ እንዳትገምቺ። አስፕሪን በፍጹም፤ ጉድፍ ላለበት ልጅ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ነገር ያመጣል። አንቲባዮቲክም ዝም ብለሽ አትግዢ፤ ይሄ ቫይረስ ነው።

ትኩሳቱ ከአራት ቀን ካለፈ ወይም ለቆት ከተመለሰ፣ አንዱ ቁስል ዙሪያው ቀልቶ ካበጠና ከጋለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሕፃኗም ጡት እምቢ ካለች ሌሊትም ቢሆን ውሰጃቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ልጁ ከመታመሙ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ አልማዝ ባለጭራ (ከዚሁ ከጉድፉ ቫይረስ የሚመጣው) የወጣበት ሰው ነበር? ሕፃኗን የምትይዝልሽስ ማን ናት?

ነዋሪነቷ ለንደን

ሲስተር ጨርሳዋለች፣ እኔ የምጨምረው ኢቡፕሮፌንን ነው። ከውጭ በሻንጣ የምናመጣላችሁ እነ አድቪል፣ እነ ሞትሪን ማለት ነው። እዚህ በጉድፍ ጊዜ እንዳትሰጡ ይላሉ፤ ቁስሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳ ሥር ኢንፌክሽን ከመፍጠሩ ጋር ይያያዛል። የእናቶች ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ ጠርሙስ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ለማሳከኩ የተፈጨ አጃ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ አስረሽ የሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ ውሃው ወተት ሲመስል ልጁን አስገቢው። የኔ ልጅ እዚያ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነበር ዝም የሚለው።

ስለ ክትባቱ፣ የሀብታም አገር ሁሉ ሲሰጥ የኖረ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ከ1995፣ ጀርመን ከ2004፣ እስራኤል ከ2008 ጀምሮ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ለሁሉም ሕፃን በነፃ መስጠት የጀመረችው ገና በጃንዋሪ 2026 ነው፣ በዓመታቸውና በ18 ወራቸው። ለምን ቆዩ ብትይኝ፣ በየጊዜው ከታመመ ልጅ ጋር የሚገናኝ አዋቂ መከላከያው ይታደሳል፣ ልጆቹ ካልታመሙ አልማዝ ባለጭራ አዋቂው ላይ ይበዛል የሚል ስጋት ነበራቸው። የኔ ልጅ የታመመው ከዚያ በፊት ስለነበር መክፈል ነበረብን፣ እኛም «የልጅ በሽታ ነው» ብለን አልከፈልንም። ብዙው ሐበሻ እንደዚያ ነው። አንቺም ወደ ውጭ የምትመጪ ከሆነ ወረቀቱን ያዢ፣ መያዙን የሚገልጽ ማስረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ይጠቅመዋል።

ዶርም 14

አባት ነኝ፣ ይፈቀድልኝ። «አንዴ ይውጣለት» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው አዋቂን ሲይዝ ያየ ስለሌለ አይደለም፣ ስላየ ነው። እኔን የያዘኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። በእኛ ዶርም ስድስት ነበርን፤ አንዱ ከቤተሰብ ይዞት መጣ፣ በልጅነታችን ያልያዘን ሁላችንም ተከታትለን ወደቅን። ጉሮሮዬ ውስጥ ስለወጣ ምራቄን መዋጥ አልቻልኩም፣ ከዚያ ሳል መጣ፣ ሳምባ ነው ተብዬ ተኛሁ። የደረስኩበትን ፈተናም አልተፈተንኩም።

ስለዚህ ልጅሽ በአራት ዓመቱ መያዙ ለእሱ ደግ ነው። ግን ባልሽ ይዞት ያውቃል? ስለ እሱ ምንም አላልሽም። እኛ ወንዶች አንጠየቅም።

የባቢ እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ሲስተር፣ ዕድሜ ይስጥሽ።

እህቴ ሐኪሟ ጋ ደወለች፤ ደሟን ሰጥታለች፣ ውጤቱ ነገ ነው። ባሌ «እኔ ብረት ነኝ» ብሎ ነበር፣ የዶርሙን ታሪክ ሳነብለት እናቱ ጋ ሄዶ ጠየቀ። ይዞታል አሉ። እናቱ ደግሞ ኩፍኝ ነው ከሚሉት ወገን ስለሆኑ ያን ማስረጃ አድርጌ አልቆጠርኩትም፤ ጀርባው ላይ ግን ክብ ክብ ጠባሳ አለ።

ሕፃኗን የምትይዝልኝ ልጅ ገጠር እያለች ከእህቶቿ ጋር ወጥቶባታል፣ ውሃ የሚቋጥረው ብላ ራሷ ነገረችኝ፣ ቅንድቧ ሥር ምልክቱን አሳየችኝ። ከአማቴ የተሻለ ምርመራ አላት።

አልማዝ ባለጭራውን ስትጠይቂ ግን ሲስተር ፀጉሬ ቆመ። አማቴ ወገባቸው ላይ በአንድ ጎን መስመር ሠርቶ ወጥቶባቸው የባህል መድኃኒት ተቀብተው ነበር። ባቢ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው የሚተኛው። ለባሌ በሹክሹክታ ነገርኩት፤ እሱ ለእናቱ በሹክሹክታ መናገር አይችልም። አሁን ኩርፊያ ላይ ናቸው። «እኔ ነኝ የልጅ ልጄን የመረዝኩት?» ይላሉ። ኬጂው ውስጥም ሁለት ልጆች ቀርተዋል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እሱን ነግሬ ለማስታረቅ እየሞከርኩ ነው።

አጃው ሠርቷል! ለሾርባ ብዬ ያስፈጨሁት ነበር። እኛ ጋ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ የምትመጣው ከበርሜል በጣሳ ነው የማስቀምጠው፤ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ መኪናውን ያንሳፍፋል።

ሲስተር ከጎተራ

አማትሽን አትውቀሷቸው። ቫይረሱ አንድ ነው፤ በልጅነት ጉድፍ የያዘው ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ሲያረጅ ወይም ሲዳከም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይወጣል። ውሃ የቋጠረውን የነካ፣ ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ልጅ ጉድፍ ይይዘዋል። በልብስ ሸፍኖ መያዝ ነው፣ ይህን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። አሁን ልጁን ለመንከባከብ ከቤታችሁ ሰው ሁሉ ይልቅ የማያሰጉት እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ተረካቢያቸውና አንቺ ተኚ።

የባቢ እናት

(ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኖናል፤ እንዴት ሆናችሁ ላላችሁኝ።)

የእህቴ ደም መከላከያው አለው ተባለ፣ እልል ብያለሁ። እናቴ ስልክ ላይ «አላልኩሽም?» አለች። አዎ ብያታለሁ።

ሕፃኗ ላይ ወጣ። ለይቼ አስተኝቻት ነበር፣ ያው ሲስተር እንዳለችው ቀድሞ ነበር። ዳይፐሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የበዛባት፣ ሁለት ሌሊት አንቀልባ ላይ ነው ያደረችው። ጡት ግን አልተወችም፣ ትኩሳቷም ቶሎ ወረደ። ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት ከብብቷ ሥር አንዱ ሲቀላና ሲጋል ነው፤ የሚቀባ ሰጧት፣ ድኗል። ባሌ እስካሁን ብረት ነው።

የቀረው የኬጂው ነገር ነው። ባቢ ሁሉም ደርቆለታል፣ አዲስ የወጣ የለም፣ ቅርፊቱ ግን ሁሉም አልረገፈም። ትምህርት ቤቱ «ቅርፊት እያለ አንቀበልም፣ ወረቀት አምጪ» አለኝ። ልክ ናቸው?

ሲስተር ከጎተራ

ወረቀቱን መጠየቃቸው መብታቸው ነው። ቅርፊቱን ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም ከደረቀ አያስተላልፍም። ሐኪሙ «ደርቋል፣ ትምህርት ቤት መግባት ይችላል» ብሎ ይጻፍልሽ። ሕፃኗ ገና ካልደረቀላት ደግሞ እሱን ለመቀበል ስትሄጂ አዝለሻት በር ላይ አትቁሚ፤ እዚያ ስንት ነፍሰ ጡር እናት እንደምትመጣ አይታወቅም።