ትልቅ ለጋሽ እንዴት ይገኛል?

የአራዳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ለአረጋውያን ምሳ የምናበላ ትንሽ ማኅበር አለን። ወርሃዊ መዋጮው የጤፉን ዋጋ አልችል አለ። መርካቶ ላሉ ትልልቅ ነጋዴዎች ደብዳቤ በተንን፣ አንድም መልስ የለም። ምን ይሻለናል?

የካዛንቺሷ፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤውን ተወው። መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቁ፤ ሰውየውን ምሳ ሰዓት ላይ ጋብዙት፣ ራሱ ወጥ ይጨልፍ፣ እናቶቹ ሲመርቁት ይስማ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። እኛ ትልቁን ለጋሽ ያገኘነው በየወሩ 200 ብር በሚያዋጣ አባላችን በኩል ነው። ለካ የአጎቱ ልጅ አስመጪ ኖሯል! ከሩቅ ሰው በፊት የራሳችሁን መዝገብ እዩ።

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ፦
ልክ ብላለች። ሒሳቡንም አትርሱ ልጆቼ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ብዙ ብር የሚሰጥ ሰው ይህን ማየት ይፈልጋል፣ ስለዚህ የኦዲት ሪፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ «እርዱን» ብቻ አትበሉ። «የስድስት ወር ጤፍ ይሸፍኑልን» በሉ። ደረሰኙ በዚያው ሳምንት ይድረሰው።

የአራዳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ለቅዳሜ ምሳ ሁለት ሰው እንጠራለን።